ሙዚየሙ ሲዘጋ ማሽኑን ማን ያስነሳዋል?

ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ከአትላንቲክ ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ዎል በምትባል ከተማ ካምፕ ኢቫንስ የሚባል የቀድሞ የጦር ሠራዊት ግቢ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል ላይ፣ ከዓርብ እስከ እሁድ፣ የግቢው ሕንፃዎች ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ለቆራሌው ይሰጥ በነበረ ዕቃ ይሞላሉ። በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆኑ ኪቦርዶች፣ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ሆዳቸው የተገፋ ስክሪኖች፣ ፕሮግራም የሚጭኑ የካሴት ቴፖች፣ ፍሪጅ የሚያካክሉ የ1960ዎቹ ማሽኖች። አብዛኞቹ በርተዋል። ጎብኚው ከገመድ ማዶ ቆሞ አያይም፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ይነካካል፣ ይጫወታል፤ ማሽኑ ቀጥ ካለበትም ባለቤቱ መጥቶ ያስነሳለታል።

ዝግጅቱ ቪንቴጅ ኮምፒውተር ፌስቲቫል ኢስት ይባላል። ፌስቲቫሉ የተጀመረው በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ሺካጎ አጠገብም፣ ካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው ላይም፣ ጀርመን ሙኒክም እህትማማች ዝግጅቶች አሉት። ማሽኖቹን የሚያሳዩት ሰዎች አብዛኞቹ የራሳቸውን ዕቃ በራሳቸው መኪና ጭነው፣ በራሳቸው ቤንዚን የመጡ ናቸው። ዝግጅቱ ሲያበቃ መልሰው ጭነው ወደ ሥራቸው፣ ካልሆነም ወደ ጡረታቸው ይመለሳሉ።

ከውጭ ለሚያየው ነገሩ ናፍቆት ነው። በልጅነቱ የተነፈገውን ኮምፒውተር በ50 ዓመቱ የገዛ ሰው እዚያ ሞልቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። እኔ ግን በእነዚህ ሦስት ቀናት የሚሠራው ዋና ሥራ ሌላ ነው ባይ ነኝ። ላለፉት 50 ዓመታት የሰው ልጅ የጻፈውን፣ ያሰላውንና የመዘገበውን በማሽን አስቀምጧል። ያንን ማሽን አስነስቶ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል እጅ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አምራቹ ኩባንያ ዘንድ ቢሄድ መልስ አያገኝም። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ፈርሰዋል፤ ያሉትም ረስተውታል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት የነገውን ነው። እውቀቱ በብዛት የተረፈው ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቅዳሜና እሁድ በሚሰባሰቡ፣ ፀጉራቸው በሸበተ ሰዎች እጅ ነው። ደስ ያሰኛል፤ ያስፈራልም።

ግቢው ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ካምፕ ኢቫንስን መጀመሪያ የሠራው የማርኮኒ ኩባንያ ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ከውቅያኖስ ማዶ የሚመጣ የሬዲዮ መልእክት የሚቀበልበት ጣቢያ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የራዳር ቤተ ሙከራ ሆነ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1946 ከዚሁ ግቢ የተላከ የራዳር ሞገድ ጨረቃን ነክቶ ከ2.5 ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ተሰማ፤ የሰው ልጅ ከሌላ የሰማይ አካል የገዛ ድምፁን ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጦሩ በ1990ዎቹ ግቢውን ሲለቅ ከመፍረስ ያተረፉት የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በ2012 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ ኢንፎኤጅ የሚባለው የሳይንስና የታሪክ ሙዚየም የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ ቤቱንም ዕቃውንም ያዳነው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ማንም ሳይልከው የመጣ።

ገመዱን ከመሰካት በፊት

በእንዲህ ያሉ ዝግጅቶች ላይ ከሚታየው ሁሉ እኔን የሚስበኝ የጥገና ጠረጴዛው ነው። አንድ ኮሞዶር 64ን እንውሰድ። በ1982 በ595 ዶላር ገበያ የወጣ፣ ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ የሚገመት፣ ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ የሆነ ማሽን ነው። ዛሬ በስልክ የምንላላከው አንድ ፎቶ ብቻውን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ሰው ከሟች አጎቱ ቤት ቆጥ ላይ አግኝቶት ይዞ ይመጣል እንበል። የጀማሪው ፍላጎት ወዲያው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ነው። የአዋቂዎቹ የመጀመሪያ ቃል ደግሞ "እንዳትሰካው!" ነው።

ምክንያቱ ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ነው። ኮሞዶር ከማሽኑ ጋር የሸጠው ጥቁር ጡብ መሰል ዕቃ ውስጡ በጠንካራ ሙጫ ተሞልቶ የታሸገ ነው። ሙቀቱ አይወጣለትም፤ ሲበላሽም ተከፍቶ የሚጠገን አይደለም። ሲያረጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይሞትም። 5 ቮልት መስጠት የነበረበት መስመር ከልኩ በላይ ይወጣና 5 ቮልት ብቻ የለመዱትን የሜሞሪ ቺፖች ይጠብሳቸዋል። አርባ ዓመት በሰላም የተኛ ማሽን ባለቤቱ በጉጉት በሰካበት ደቂቃ ይሞታል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ቴስተር ነው። ገመዱ ከማሽኑ ሳይገናኝ በመሰኪያው ጫፍ ላይ ይለካል፤ ከ5.2 ቮልት በላይ ካነበበ ያ ጡብ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ በቦታው አዲስ የተሠራ ይገዛል።

ኃይሉ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነስ? ካቻቢቴ ይመጣል፤ ክዳኑ ይከፈታል። ማሽኑ ለትንሽ ጊዜ በርቶ ቺፖቹ አንድ በአንድ በጣት ይዳሰሳሉ። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሚፋጅ የሜሞሪ ቺፕ ካለ መጠርጠር ነው። ለማረጋገጥ ደህና ቺፕ ከተጠርጣሪው ጀርባ ላይ፣ እግር ለእግር ገጥሞ፣ ማሳፈር ይቻላል፤ አንዳንዴ ማሽኑ ያኔውኑ ሰማያዊ ስክሪኑን ይዞ ብቅ ይላል። ይህ ዘዴ በየትኛውም የምህንድስና ፋኩልቲ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። ከእጅ ወደ እጅ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚተላለፈው።

የሌሎች ማሽኖች በሽታ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ማኪንቶሾችና አሚጋዎች ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተራቸው ፈሳሽ ያንጠባጥብና የቦርዱን የመዳብ መስመር ይበላዋል። የዚያ ዘመን ብዙ ማሽኖች ሰዓት እንዲቆጥሩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ባትሪ አላቸው፤ እሱም ይፈነዳል ወይም ይፈስሳል። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ፍሳሽ ከሆነ በኮምጣጤ ይጠረጋል፤ አዎን፣ የወጥ ቤቱ ኮምጣጤ። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። በክብር ታሽጎ መጋዘን የተቀመጠ ማሽን ሁሌም የተጠበቀ ማሽን አይደለም፤ ባትሪው ሳይወጣለት ከተቀመጠ በየዕለቱ እየተጠቀሙበት ካለው ቀድሞ ሊሞት ይችላል። ሙዚየሞች በር ዘግተው ያስቀመጧቸው ስንቶቹ ማሽኖች በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳሉ ሳስብ ይከነክነኛል።

ፍሎፒ ዲስኩም የራሱ ጣጣ አለው። የኮሞዶርን ፍሎፒ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ድራይቭ ውስጥ ከትተው ሊያነቡት ቢሞክሩ አይነበብም፤ አጻጻፉ ሌላ ነው። የዛሬ ጠጋኞች መፍትሔ ብልህነት ያለበት ነው። ግሪስዊዝል እንደሚባለው ባለ ትንሽ ቦርድ መሣሪያ ዲስኩ ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ ራሱን፣ ትርጉሙን ለመረዳት ሳይሞክሩ፣ እንዳለ ይቀዱታል። ትርጉሙ ነገ ቁጭ ተብሎ በሶፍትዌር ይፈታል። ዲስኩ በተነበበ ቁጥር ሊላጥ ስለሚችል አንድ ጊዜ በሚገባ መቅዳት አሥር ጊዜ ከመሞከር ይበልጣል።

ሥዕሉ ከዕቃው ጋር ይመጣ ነበር

ይህ ሁሉ ጥገና የሚቻለው አንድ ነገር ስለነበረ ነው። የኮሞዶር 64 የፕሮግራመሮች መመሪያ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ተጣጥፎ የማሽኑ ሙሉ የሰርኪዩት ሥዕል ነበረው። የአፕል 2 መመሪያም እንደዚሁ ነበር። በኦገስት 1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ቴክኒካዊ መመሪያ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ሳይቀር መስመር በመስመር አትሞ ይሸጥ ነበር። ኩባንያዎቹ ደግ ስለነበሩ አይመስለኝም። ገዢው ራሱ መበየጃ የያዘ ሰው ስለነበር እንጂ።

ነገሩ ከዚያው ሥር የመጣ ነው። በጃንዋሪ 1975 በመጽሔት ሽፋን ላይ የወጣው አልቴር 8800 ዋጋው 397 ዶላር ሆኖ ተገጣጥሞ የማይመጣ፣ ገዢው ራሱ በይዶ የሚሠራው ኮምፒውተር ነበር፤ ሜሞሪው 256 ባይት። በዚያው ዓመት ማርች ወር ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ተሰበሰበ፤ ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ የሠራውን ኮምፒውተር ሥዕሎች ለጓደኞቹ ያድል የነበረው በዚሁ ክለብ ነው። በ1976 ደግሞ እዚያው ኒው ጀርሲ ትሬንተን ስቴት ኮሌጅ ውስጥ የትሬንተን ኮምፒውተር ፌስቲቫል ተጀመረ። ስለዚህ በዎል የሚሰበሰቡት ሰዎች አዲስ ልማድ አላመጡም፤ የግል ኮምፒውተር የተወለደው በእንዲህ ያለ ቅዳሜና እሁድ ነው።

ዛሬ የገዛነውን ላፕቶፕ ሥዕል ለማግኘት ሕግ ማውጣት አስፈልጓል። ኒው ዮርክ በ2022፣ ካሊፎርኒያ በ2023፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የመጠገን መብት ሕጎችን አጽድቀዋል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። አምራቾች ሲከራከሩ የጥገና መረጃ ለሁሉም ከተሰጠ ደኅንነት ይጎዳል ይላሉ። እኔ ይህ ክርክር ደካማ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1982 ከመጻሕፍት መደብር ይገዛ የነበረው ሥዕል ኮሞዶርን አልጎዳውም፤ ዛሬ ማሽኑን በሕይወት ያቆየው እሱው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ያሳተሙት ሪፖርት በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንዳመረተችና በሥርዓት ተሰብስቦ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። የተቀረው የት እንደሚገባ ለእኛ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ሀብታሙ ሲሞት

ሙዚየሞች ለምን ይህን ሥራ አይሠሩም የሚል ሰው ሲያትልን ይመልከት። የማይክሮሶፍት ተባባሪ መሥራች ፖል አለን በ2012 ሊቪንግ ኮምፒውተርስ የሚባል ሙዚየም ለሕዝብ ከፈተ። እንደ ስሙ ሕያው ነበር። በውኃ የሚቀዘቅዘው ሲዲሲ 6500 ሱፐር ኮምፒውተር ሳይቀር እየሠራ ይታይ ነበር፤ ሰው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ወደ ማሽኖቹ ይገባ ነበር። አለን በ2018 ሞተ። ሙዚየሙ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተዘጋ፣ ሳይከፈትም ቀረ። በ2024 ስብስቡ በክሪስቲስ ጨረታ ተበተነ፤ ከውስጡ አንድ አፕል 1 ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። በ1976 ዋጋው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር።

ጨረታው በትርፍ ጊዜያቸው ማሽን የሚሰበስቡትን ሰዎች በጣም አስቆጥቷል። ብዙ ሰዎች ማሽናቸውን ለሙዚየም የሰጡት ለትውልድ ይቆያል ብለው ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ወራሾች ላይ ብቻ መጫን ቀላሉ መንገድ ይመስለኛል። በአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ነገር በዚያ ሰው ዕድሜ ይለካል። ከዚያ ሲነጻጸር በመቶ ጋራዦች የተበተነ ስብስብ፣ ለዐይን የማይሞላ ቢሆንም፣ በአንድ ፊርማ ሊበተን አይችልም። የካሊፎርኒያው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም እንኳ፣ በደንብ የተደራጀ ተቋም ሆኖ ሳለ፣ የ1959ኙን አይቢኤም 1401 አስነስቶ የሚያሳየው በጎ ፈቃደኛ በሆኑ የቀድሞ መሐንዲሶች ነው።

የእውቀቱ ጉዳይ ከቅርስነት ያልፋል። ኤፕሪል 2020 ላይ ሥራ አጥ የሆነው ሰው በብዛት ድጎማ ሲጠይቅ የኒው ጀርሲ ኮምፒውተሮች ተጨናነቁ። ሥርዓቱ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ኮቦል በሚባል አሮጌ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የወቅቱ የግዛቱ አስተዳዳሪ ፊል መርፊ በቴሌቪዥን ቀርበው በጎ ፈቃደኛ የኮቦል ባለሙያ እንዲመጣላቸው ተማጸኑ። ይህ የሆነው በትሬንተን ነው፤ ከካምፕ ኢቫንስ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ መንገድ ላይ። በሳን ፍራንሲስኮ ከ1998 ጀምሮ የከርሰ ምድር ባቡሩን መቆጣጠሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም ጠዋት ጠዋት ከፍሎፒ ዲስክ ይጫን ነበር፤ ከተማዋ ሥርዓቱን ለመለወጥ በ2024 የ212 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈቀደች። በ1977 የተወነጨፈችው የጠፈር መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በኖቬምበር 2023 ትርጉም የለሽ ቁጥር መላክ ጀመረች። አንድ የሜሞሪ ቺፕ ተበላሽቶባት ነበር። የናሳ መሐንዲሶች የአሥርት ዓመታት ሰነድ አገላብጠው፣ በቺፑ ላይ የነበረውን ኮድ ቆራርሰው በሌላ ቦታ ሸጎጡት፤ ትእዛዙ እዚያ ለመድረስ ብቻ ከ22 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ኤፕሪል 2024 ላይ እንደገና ተናገረች። በኮሞዶር ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሠራው ሥራና ይህኛው በዐይነቱ አንድ ነው። የሚለየው ማሽኑ በእጅ የማይደረስበት መሆኑ ብቻ ነው።

የማይቀመጠው

እስካሁን አሞገስኳቸው። አሁን ደግሞ የማይጥመኝን ልናገር።

ሰዎቹ የሚያድኑት የሚወዱትን ነው። የሚወዱት ደግሞ በአብዛኛው የጨዋታ ማሽን ነው። በየጠረጴዛው ኮሞዶር፣ አታሪ፣ አፕል፣ አሚጋ አለ፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያው ጨዋታ በሦስት ማሽን ላይ ሲጫወት ማየት ብርቅ አይደለም። የሆስፒታል መዝገብ ይይዝ የነበረው፣ የደመወዝ ሉህ ያወጣ የነበረው፣ የክፍለ ከተማ ግብር ያሰላ የነበረው አሰልቺ ማሽን ግን የሚናፍቀው የለም። ያንን ሶፍትዌር ማንም በልጅነቱ አልተጫወተበትም። የታሪክ ተመራማሪ ከ50 ዓመት በኋላ የሚፈልገው ግን በትክክል እሱን ነው። በካምፕ ኢቫንስ በጎ ፈቃደኞች ያስነሡት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮምፒውተር ዩኒቫክ 1219 ከዚህ ወቀሳ ነጻ ከሚወጡት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር መዋዕለ ንዋይ ሆኗል። ተማሪ በምሳ ገንዘቡ ይገዛው የነበረ ዕቃ ዛሬ የሚገዛው ደህና ደመወዝ ያለው ጎልማሳ ነው። ከዚህ የተነሣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ፊት ያው ነው፤ ወንድ፣ ነጭ፣ ከ50 በላይ። ወጣቶች እየመጡ ነው፣ በተለይ ከዩቲዩብ የተማሩ። በ2025 የኮሞዶርን ስም የገዛው ቡድን መሪም ዩቲዩበር ነው፤ ሲታወጅ ዋጋው ከ300 ዶላር ገደማ ይጀምር የነበረ አዲስ ኮሞዶር 64 አውጥቷል። ውስጡ ግን የድሮዎቹን ቺፖች የሚመስል እንደገና የሚዋቀር አንድ ቺፕ ነው። አንዳንዶች ይህን ማጭበርበር ይሉታል፤ እኔ አልስማማም። ልጅ የሚሰብረው ይህኛውን ይሁን፤ የ1982ቱ ይትረፍ።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ማሽኑን ማዳን ይቻላል፤ በላዩ የሚሄደውን ሶፍትዌር ማካፈል ግን ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ኩባንያው የፈረሰ እንኳ ቢሆን የባለቤትነት መብት ጥሰት ሊሆን ይችላል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ የቪዲዮ ጨዋታዎች 87 በመቶው ገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ሆኖም በኦክቶበር 2024 የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ተመራማሪዎች በርቀት እንዲያገኟቸው ቤተ መጻሕፍት ያቀረቡትን ጥያቄ ውድቅ አደረገ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ዕድሜ ነው። ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በ1964 ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች የመጨረሻው ቶማስ ከርትዝ ያረፈው በኖቬምበር 2024 ነው። በ25 ዶላር ተሽጦ የኮምፒውተርን ዋጋ የሰበረውን 6502 ቺፕ የመራው ቸክ ፔድል በ2019 ሞቷል። ያንን ቺፕ በ1975 ሳን ፍራንሲስኮ ሲያስተዋውቁ በሆቴል ክፍል ውስጥ በትልቅ ማሰሮ ሞልተው አስቀመጡት፤ ፋብሪካው ብዙ የሚያመርት እንዲመስል። ከማሰሮው በታች ያሉት የማይሠሩ እንደነበሩ ፔድል ራሱ በኋላ ተናግሯል። እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም የኩባንያ መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ሰዎች ስለጠየቁት ነው የምናውቀው። ቺፖቹም እንደ ሰዎቹ እየሄዱ ነው። ዛይሎግ ከ1976 ጀምሮ ሲያመርት የኖረውን ዜድ80 የተባለ ቺፕ ለማቆም በኤፕሪል 2024 አስታወቀ፤ የመጨረሻው ትእዛዝ የሚቀበልበት ቀን ጁን 14 ነበር። ጠጋኞቹ እስኪበቃቸው ገዝተው አከማቹ። ስንት ዓመት ይበቃል? ቺፑ ምናልባት ከሰዎቹ በላይ ይቆይ ይሆናል።

የእኛ ፍሎፒ

በዎል አዳራሽ ውስጥ ግዕዝ የሚጽፍ ማሽን ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ቂልነት ይመስል ይሆናል። ግን ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1992 የፕሬስ ዐዋጅ ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ውጭ አገርም በዋሽንግተን፣ በአውሮፓ ከተሞች የአማርኛ ኅትመት ነበር። አብዛኛው "የኮምፒውተር ለቀማ" የሚባለው ሥራ የሚሠራው በጊዜው በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮችና ፎንቶች ነው፤ በኋላ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ ተስፋፉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው ከ256 የማይበልጡ ምልክቶችን ነው። ፊደላችን ደግሞ ከቁጥሩና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከ300 ያልፋል። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈሉት፤ ወይም የፊደሉን ገላና ምልክቱን ለየብቻ አድርገው ደራረቡት። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን አቀማመጥ መረጠ። በአንዱ "ሀ" የሆነው ቁጥር በሌላው "ቆ" ሊሆን ይችላል። ለዓለም ፊደሎች ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ግዕዝን ያካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በልማድ በአሮጌው የቀጠለ ጽሑፍ ሁሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የገንዘብ ምልክት ጉድ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም። የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

እንግሊዞች ይህን በጊዜው ቀምሰውታል። በ1986 ዶምስዴይ የተባለውን ጥንታዊ የመሬት መዝገብ 900ኛ ዓመት ለማክበር ቢቢሲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያሳተፈ ዲጂታል መዝገብ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ። በ2002 ገደማ የሚያነበው ማሽን ከገበያ ጠፍቶ መዝገቡን ለማትረፍ ልዩ ፕሮጀክት አስፈለገ፤ የ1086ቱ የብራና መዝገብ ግን ለንደን ላይ አሁንም ይነበባል። እነሱ ቢያንስ ማሽኑን የያዙ ሰዎች ነበሯቸው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስብስብ ስለመኖሩ የሚታይ ነገር የለም። ማተሚያ ቤት ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ይሸጣል፣ ሲያረጅ ለልዋጭ ይሄዳል፤ ፍሎፒውም የሲዲ ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ቤት ሲታደስ ይጣላል። መፍትሔው ግን ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ በዎል ከሚደረገው ብዙ መማር ይቻላል። በ1990ዎቹ ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ የእድር መዝገብ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው ካለን፣ መጀመሪያ ዲስኩን በማንኛውም ድራይቭ ደጋግሞ አለመሞከር ነው። ሲቀዳ እንዳለ ይቀዳ፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየሩ ሁለተኛ ሥራ ነው። ከፋይሉ ጋር የፎንቱን ፋይልና ፊደል የሚጽፍበትን የኪቦርድ ፕሮግራም አብሮ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ፎንቱ ከነጭራሹ ከሌለ ደግሞ በዚያው ፋይል የታተመ አንድ ገጽ ወረቀት ቢገኝ ይበቃል። በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለውን ፊደል ጎን ለጎን አድርጎ ሰንጠረዥ ማውጣት ይቻላል። አንድ ገጽ ሁሉንም ፊደል አይዝም፤ እንደ "ጯ" ያሉት ሳይገኙ ይቀራሉ፤ ሦስት አራት ገጽ ካለ ግን አብዛኛው ይሞላል። የቀረውን በዚያን ጊዜ ጽሑፉን የለቀመችው ሴት ታስታውሰዋለች፤ አብዛኞቹ ለቃሚዎች ሴቶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ዛሬ በሕይወት አሉ። ስልካቸውን መፈለግ የሚጀመረው በጋዜጣው ላይ፣ "የኮምፒውተር ጽሑፍ" ከሚለው መስመር አጠገብ ስማቸው ስለታተመ፣ ከዚያው ነው።